ሶሲ ባሕር ሥር የገባች ጊዜ

— ሄሎ? … አቤት! … እማማ በላይነሽ! እንዴት አደሩ? … እኔ ነኝ፣ ልዑልሰገድ። … አልተሳሳቱም፣ የሶሲ ስልክ ነው። እሷ ጓሮ ልብስ እያሰጣች ስለሆነ ነው እኔ ያነሳሁት። … ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት ነው የገባነው። … አይ፣ አዲስ አበባ አላደርንም። ከቦሌ ቀጥታ አዳማ፣ ቤታችን።

— የምን ጩኸት ነው እሱ? … አይሱዙ እየጫኑ ነው? … ቲማቲም ነው ሽንኩርት? … ይቆጣጠሯቸው፣ ይቆጣጠሯቸው፣ እጠብቃለሁ።

— … አለሁ። በኦሮምኛ «ሱታ፣ ሱታ» ሲሏቸው እኮ ከመቂ እዚህ ድረስ በስልክ ሳይሆን በአየር የሰማሁ መሰለኝ። ቲማቲሙ ምን ይሁን፣ እኔ ነኝ ቀስ ያልኩት።

— ምን አሉኝ? … ቪዲዮ? የምን ቪዲዮ? … ቡዜ አሳየችዎት? ጎረቤትዎ፣ ሽንኩርት ነጋዴዋ ቡዜ? … በፌስቡክ። … እህ። … እህ…

— ሶሲ! ሶሲዬ! እናትሽ ናቸው! ቡዜ ሁሉንም አሳይታቸዋለች! … ቪዲዮውን ነዋ! እኔን ምን ታዪኛለሽ? የለጠፍሽው አንቺ!

— አለሁ እማማ። … አልተደበቀችም፣ እጇ ሳሙና ስለሆነ ነው። … እሺ። አዎ፣ እውነት ነው። ጀርባዋ ላይ ትንሽ የጋዝ ሲሊንደር የመሰለ ነገር ተሸክማ፣ ወደ ኋላ ተገልብጣ ባሕር የገባችው ሴትዮ ልጅዎ ናት። … ኧረ ማንም አልገፋትም! … እኔ? እኔ ሚስቴን ለምን እገፈትራለሁ? አገባቡ እንደዚያ ነው። ሲሊንደሩ ከባድ ስለሆነ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ወደ ኋላ ነው የሚወድቁት። … ውስጡ ጋዝ አይደለም፣ አየር ነው። ታች የሚተነፍሱት እሱን ነው።

— አልዋሸንዎትም። ለጋብቻችን አሥረኛ ዓመት ዛንዚባር ሄደን ባሕር ዳር ማንጎ እየበላን እንሰነብታለን አላልንም? ማንጎውን በልተናል። … እሺ፣ የቀረውን አልነገርንዎትም። … አዎ፣ አውቄ ነው። ቢያውቁ ኖሮ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥተው ቀሚሷን ይይዙ ነበር።

— ከመጀመሪያው ልንገርዎት? … ሳልደብቅ? … እሺ። ግን አንድ ነገር ይያዙልኝ፦ ልጅዎ ደህና ናት። አሁን ከፊቴ ቆማ ዓይኗን እያጉረጠረጠችብኝ ነው። ይህን ይዘው ይስሙኝ።

— ያረፍንባት ደሴት ከዋናው ዛንዚባር በጀልባ ተሻግረው ነው የሚደርሱት። ትንሽ ናት። አሸዋዋ እንደ ፊኖ ዱቄት ነው። ውሃው ደግሞ… ላንጋኖን አይተውት የለ? ክንድዎን ቢነክሩ ጣትዎ አይታይዎትም። የዚህኛው ተቃራኒ ነው። ጀልባው ጥላውን ታች አሸዋው ላይ ይጥላል። አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። … አዎ፣ እሷም እዚያው ነው ልቧ የተሰረቀው።

— መዋኘትማ ትችላለች። … አያውቁም? — ሶሲ፣ የሶደሬውንም አልነገርሻቸውም? ወይ ጉድ! — እማማ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ ሶደሬ፣ ከተጋባን በኋላ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልኳ አይነሳም ይሉ አልነበር? ውሃ ውስጥ ሆና ነው። … ይቆጡኝ፣ መብትዎ ነው።

— እኔማ ሶደሬ ያደግሁ ነኝ። ከላይኛው መዝለያ በጭንቅላቴ እየዘለልኩ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያጨበጭብልኝ ነበር። ዛንዚባርም ሄጄ «ሚስቴን አደራ፣ ለእኔ አታስቡ» አልኳቸው። የመጥለቅ አስተማሪያችን አብደላ የሚባል የደሴቱ ተወላጅ ነው፣ ረጅም፣ ሳቂታ። ሳቀና ሲሊንደሩን ጀርባዬ ላይ ጫነልኝ።

— ታች መነጋገር የለም፣ በእጅ ምልክት ብቻ። አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀስሩ እዚያ «እንውጣ» ማለት ነው። እኔ ደግሞ አብደላ «ደህና ነህ?» ባለኝ ቁጥር አውራ ጣቴን ቀስሬ «አንደኛ!» እለዋለሁ። ይዞኝ ይወጣል። እንደገና እንወርዳለን፣ «አንደኛ!» እለዋለሁ፣ ይዞኝ ይወጣል… ይሳቁ፣ ይሳቁ። እሷም ታች ሆና እንደዚሁ ስትስቅ የዓይን ጭምብሏ ውሃ ገባበት።

— እሱስ ይሁን። ትንሽ ጠለቅ ስንል ግን ጆሮዬን እንደ ወስፌ ወጋኝ። በአፍንጫ መተንፈስ የለም፣ አፍ ውስጥ የሚነከስ ጎማ አለ፣ በእሱ ብቻ ነው። እኔ ያቺን ጎማ ነክሼ «አሁን ብትወልቅስ?» ማለት ጀመርኩ። በቃ። ልቤ ከበሮ ሆነ፣ ዓይኔ ፈጠጠ… አብደላ አቅፎ አወጣኝ። የሶደሬው ጀግና እንደ ሕፃን ታቅፎ ጀልባ ላይ ተጫነ።

— እሷማ እንደ ሳንቲም ነው ቁልቁል የወረደችው። ዞር ብላም አላየችኝ።

— ከዚያ በኋላማ እሷ ትጠልቃለች፣ እኔ ጀልባው ላይ ፎጣ ይዤ እጠብቃለሁ። … ምን ላድርግ? ሰዉ ሁሉ «የሶሲ ባል» ይለኝ ጀመር።

— … እሱን ማን ነገረዎት? … ቡዜ ናት? ሶሲ ከቪዲዮው ሥር ጽፋዋለች? — ሶሲ፣ «ባሕሩ ሊወስደን ነበር» ብለሽ ጽፈሻል? … ከሳቅ ምልክት ጋር! እናትሽ የሳቅ ምልክቱን የሚያዩ ይመስልሻል?

— እማማ፣ እነግርዎታለሁ። ለዚህ ነው የደወሉት አይደል? … እሺ። ሳልደብቅ ብያለሁ።

— አንድ ቀን ጧት ደሴቷን ዞረን በውጭ በኩል ሄድን። ሶሲ፣ አብደላና ሁለት ኬንያውያን ባልና ሚስት ገቡ። ጀልባው ላይ የቀረነው እኔና ባለ ጀልባው ሽማግሌ ነን። ቋንቋ የለንም፣ እየተያየን ፈገግ ማለት ብቻ። መጀመሪያ የትንፋሻቸው አረፋ ውሃው ላይ ይታያል፣ እሱን እያየሁ «ይቺ የሶሲ ናት» እላለሁ። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ውሃው መሸብሸብ ጀመረ። አረፋው ጠፋ።

— የሚወጡበት ሰዓት ደረሰ። አልወጡም። … ሽማግሌው ፈገግታውን ተወ። እማማ፣ እሱ ሲተው ነው እኔ የፈራሁት። ሞተሩን አስነስቶ መዞር ጀመረ። አንድም ጭንቅላት የለም፣ ውሃ ብቻ።

— እኔ የጀልባው ጣሪያ ላይ ወጣሁ። … ቀሚሷን ይዣለሁ። ስትገባ ያወለቀችውን። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፣ እጄ ላይ ነው ያገኘሁት። … እና… ይቅርታ፣ ስሙን ላንሳው… ሙሉብርሃን ትዝ አለኝ። ሶሲ ነግራኛለች። ወንድሟ ዝዋይ ሐይቅ ገብቶ የቀረ ዕለት እሷ ትንሽ ልጅ ሆና ሸሚዙን ይዛ ዳር ላይ ስትጠብቀው እንደነበር። እኔ እስከዚያ ቀን ሰምቼው ነበር እንጂ አልገባኝም ነበር።

— … ሄሎ? … እማማ? … ይሰሙኛል? … አሉ። እሺ። … ልቀጥል? … እሺ።

— ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ አንዲት ብርቱካናማ ነገር ማዕበሉ ላይ ብቅ ጥልቅ ትላለች። ረጅም ቀጭን ፊኛ ናት፣ ከጀልባ የራቁ ጠላቂዎች ነፍተው የሚያቆሟት። «ያውና! ያውና!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ! ሽማግሌው አማርኛ የት ያውቃል? ግን ጣቴን አይቶ መሪውን ጠመዘዘ። … አዎ። አራቱም። ክንድ ለክንድ ተያይዘው። ከሥር ያለው የውሃ ኃይል ነው ጠርጎ የወሰዳቸው። አብደላ ወዲያው አውቆ አንዱንም ሳይለቅ ይዟቸዋል።

— እሷ? እሷማ ጭምብሏን ግንባሯ ላይ ሰቅላ «ልዑሌ! ኤሊ አየሁ! የበር ያህል ኤሊ!» አትለኝም? … እኔ ነፍሴ ወጥታ፣ እሷ ኤሊ! … ቀሚሷ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቀስኩ። ኬንያዊው ጀርባዬን ሲደባብሰኝ ትዝ ይለኛል።

— አልመታኋትም! እርስዎ ቢሆኑ ይመቱልኝ ነበር፣ አይደል? … — ሶሲ፣ «በጥፊ አጩላት» እያሉ ነው።

— … ከዚያ በኋላማ… አዎ። ተመልሳ ገባች። … በማግስቱ። … እማማ፣ እምቢ ብያለሁ! ተጣልተናል። በአሥር ዓመት ውስጥ እንደዚያ ተጣልተን አናውቅም። «ወይ እኔ ወይ ባሕሩ» አልኳት፣ እንደ ሞኝ። ምን አለችኝ መሰለዎት? … «እማዬ ውሃ በተነሳ ቁጥር ፊቷ ሲጠቁር እያየሁ ነው ያደግሁት። ሙሉብርሃን የሄደበት ምን እንደሚመስል በሕልሜ ሳየው ነው የኖርኩት። በዓይኔ አይቼ ልገላገል» አለችኝ።

— … አብሬያት ገባሁ።

— ፈራሁ እንዴ? ከጀልባው ስወድቅ ራሱ ጸሎት አፌ ላይ ነበር። ግን እጄን ይዛኛለች። ጆሮዬ ሲወጋኝ ቆም ትላለች፣ አፍንጫዬን ይዤ ነፋ አደርጋለሁ፣ ይለቀኛል፣ ትንሽ እንወርዳለን። እንዲህ እያልን ታች ደረስን።

— እንዴት ልንገርዎት… ኮራል የሚሉት አለ። ሲያዩት ድንጋይ ነው፣ ግን ነፍስ ያለው ነው፣ ያድጋል። ሜዳው ሙሉ እሱ ነው። ጥቅል ጎመን የመሰለ አለ፣ እውነቴን ነው፣ የመቂ ጎመን ማሳ ነው የሚመስለው፣ ሐምራዊ ሲሆን። ቀንድ የመሰለ አለ። መሐሉ ላይ ዓሣው… ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ፣ በመንጋ ይሄዳል፣ አንዱ ሲዞር ሁሉም ይዞራል። የእኛ ሐይቅ ዓሦች፣ ቆሮሶና አምባዛ፣ ቢያዩዋቸው ልብስ የለንም ብለው ጭቃ ውስጥ ይገባሉ። … ኤሊዋን? አየኋት። ከአጠገባችን ሣር ስትግጥ ቀና ብላ አየችን፣ ናቀችን፣ ግጦሿን ቀጠለች።

— … ምን አሉኝ እማማ? አልሰማሁዎትም፣ ይድገሙልኝ። … ጨለማ ነው ወይ?

— … አይደለም። ብርሃኑ ከላይ ይወርዳል። ይወዛወዛል፣ አሸዋው ላይ ይጫወታል። … አልዋሽዎትም፣ የእኛ ሐይቅ እንደዚያ አይደለም፣ ድፍርስ ነው። እሱን እርስዎም እኔም እናውቃለን። … አዎ። ግን ጸጥታው… ጸጥታው አንድ ይመስለኛል። ፍርሃቱ ከውሃው በላይ ነው ያለው እማማ፣ ጀልባው ላይ፣ ዳር ላይ፣ ከሚጠብቀው ሰው ጋር። እኔ ሁለቱንም አይቼዋለሁ። ታች ልቤ ዝም ነው ያለው። … አዎ፣ ሶሲም አልቅሳለች። ከወጣን በኋላ። «ለእሱም እንዲህ ዝም ብሎለት ይሆናል» አለች። እርግጠኛ ነኝ አላለችም። ይሆናል ነው ያለችው።

— … ያልቅሱ። … ምንም የለም፣ ያልቅሱ። አልቸኩልም።

— ቆይ ሶሲ… ቆይ፣ እሰጥሻለሁ… አሁን አይደለም። ተቀመጪ።

— … አለሁ። … ማነው የሚጠራዎት? … ሾፌሩ ነው? … «ቲማቲሙ ይጠብቅ» አሉት! የእርስዎ ቲማቲም ሰው ሲጠብቅ ዛሬ ገና ሰማሁ።

— … የት? … ሐይቁ ጋ? … እርስዎ? … ከዚያ ወዲህ ሄደው አያውቁም እኮ። ሶሲ ስትነግረኝ በዚያ በኩል ያለው መንገድ እንኳ… … እሺ። … እሺ፣ አልከራከርም። ቅዳሜ? … እንመጣለን። በጧት። … ጀልባማ አንገባም፣ ቃሌ ነው። ጉማሬውንም አንጠጋም። ዳር ብቻ። … አዎ፣ በሁለት በኩል ይዘንዎት።

— እንድነግራት ነው ወይስ ራስዎ ይነግሯታል? … እንድነግራት። እሺ። … አሜን። … አሜን፣ እርስዎንም ያቆይልን። … ይሂዱ አሁን፣ መኪናውን ያሰናብቱ። … ለቡዜም… አይ፣ ለቡዜ ምንም አይበሉልኝ! … ቻው እማማ። ቻው።

— … ዘጉት። … አልተቆጡም ሶሲ። … አለቀሱ፣ አዎ፣ ግን አልተቆጡም። ቅዳሜ ዝዋይ ውሰዱኝ ነው ያሉት። … ሐይቁ ዳር። … ራሳቸው ናቸው ያሉት፣ እኔ ከየት አመጣዋለሁ? «እግሬን ብቻ ልንከር» አሉ። … ነይ። ነይ እስቲ፣ እጅሽ ሳሙና ቢሆንም ነይ።