ዮተቦሪ ላይ ሰላም ያለኝ ሰው

ስቶክሆልም ውስጥ ወደ ኖርስቦሪ ሰፈር በሚሄደው ባቡር ከፊቴ ሁለት ሐበሾች ተቀምጠዋል፤ አንድ ሽማግሌና አንዲት ጎልማሳ ሴት።

«ዮተቦሪ እንዴት ነበር ጋሼ? ልጅዎ ደህና ናት?»

«እሷስ ደህና ናት። ከተማው ግን ወደብ ስለሆነ ዝናብ ብቻ ነው። ጃንጥላዬን የባሕሩ ንፋስ ገና በመጀመሪያው ቀን ገነጠለው።»

«ሰዉስ?»

«ሰዉማ ያወራል። ትራም ስጠብቅ አንድ የማላውቀው ፈረንጅ ሰላም አለኝ። ዝናቡ እንዴት ይዞሃል ብሎ ጠየቀኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ቦርሳዬን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።»

«ወይ ጋሼ።»

«ምን ላድርግ? ስቶክሆልም ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ቀጥሎ ምን ሊለምነኝ ነው አልኩ። ትራሙ ሲመጣ እሱ በፊት በር ገባ፣ እኔ በኋላ።»

«ምንም ሳይመልሱለት?»

«ምንም። እናቴ እኮ መንገድ ላይ ሰው ካገኘች የከብቱን ደህንነት ሳይቀር ጠይቃ ነበር የምታልፈው። የእሷ ልጅ ከሰላምታ ሸሸ።»

«ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ባቡር ውስጥ ሰላም ይበሉ።»

«እዚህማ አበደ ይሉኛል።»

እንዴት ዋላችሁ ልላቸው አፌን ከፈትኩና፣ ቮርቢ ጎርድ ጣቢያ ስንደርስ ሙዚቃ የሌለበትን ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ አስተካክዬ ወረድኩ።