በእናቷ ልክ የታጠፈ ሽቦ

ጥርሴን አሞኝ የሰፈራችን የጥርስ ክሊኒክ ስገባ ለክርክር አልመጣሁም ነበር። ግን ሰፈሩ «ጋሼ ፒንሳ» የሚላቸው ጡረተኛ የጥርስ ሐኪምና ወንበራቸውን የወረሰችው ሐኪም ልጃቸው ተፋጠው ሳሉ ደረስኩ። መሃላቸው የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። ጥርሶቿ ስለተደራረቡ ስትስቅ አፏን በእጇ ትከድናለች፤ ለልክ መውሰጃ አፍ ውስጥ የሚገባው ሊጥ መሳይ ነገር ስለሚያስመልሳት ደግሞ በተሞከረ ቁጥር አልቅሳ ትሄዳለች።

«መምህር፣ እንኳን መጣህ፤ አንተ ፍረደን» አሉኝ ጋሼ ፒንሳ። «ይኸው የጥርስ ማቃኛውን ሽቦ በእጄ አጥፌ ባመጣ፣ በኮምፒውተር ካልሆነ አለች። ማሽን ስለ ጥርስ ምን ያውቃል?»

«ምንም አያውቅም፣ አባባ» አለች ልጃቸው በለሰለሰ ድምፅ። «ጥርሱ ወዴት እንደሚሄድ የምወስነው እኔ ነኝ። ማሽኑ ባልኩት ልክ ሽቦ ያጥፋል፤ ሌላ ሥራ የለውም።»

«አንቺንስ ያቃናሁሽ በዚሁ ፒንሳ አይደለም?»

«እሱንማ ጥርሴ ይመስክር። ግን ልጅቷ ልክ አላስወሰደችም፤ ይህን በማን ልክ አጠፉት?»

ጋሼ ፒንሳ ወደ መደርደሪያው አዩ። ልጃቸው በልጅነቷ ልክ ተወስዶላት በጄሶ የተሠራው የመንጋጋዋ ቅርጽ ቢጫ ሆኖ እዚያ ተቀምጧል፤ መጣል አልሆነላቸውም። «ባንቺ ነዋ። ልጅ እናቷን ካልመሰለች ማንን ትመስላለች?»

ሳቄን ዋጥኩት። ፍቅር ነው፤ ፍቅር ግን የመንጋጋ ልክ አያውቅም።

ሐኪሟ የጥርስ ብሩሽ የሚያህል ካሜራ አቀበለቻቸው። «የእርስዎ እጅ ከእኔ ይረጋል፤ እርስዎ ያንሷት።»

«ሊጥ አለው?» አለች ልጅቷ።

«የለውም፣ የኔ እናት» አሏት። አፏን ከፈተች። ካሜራውን ቀስ ብለው ሲያሳልፉት ጥርሶቿ ስክሪኑ ላይ ብቅ ብቅ አሉ፤ አንዴም አላቅለሸለሻትም።

ሐኪሟ የአባቷን ሽቦ በካሜራው አንስታ ቅርጹን የጥርሶቹ ምስል ላይ አሳረፈችው። «ቆንጆ ሽቦ ነው፣ አባባ፤ የእሷ ግን አይደለም። በግራ በኩል ይሰፋባታል፤ ጥርሷን ከአጥንቱ ገፍቶ ሊያወጣው ይችላል።»

ጋሼ ፒንሳ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ። «ይህ ጠባብ መንጋጋማ የኔ ነው» አሉ ድምፃቸው ሰለል ብሎ። «እኔን ወርሳ ኖሯል።» ሽቦውን ኪሳቸው ከተቱት። «በይ ማሽንሽን እዘዢው። በሌላ ሰው ልክ የተሠራ ጫማ እንኳ ያቆስላል።»

ከወራት በኋላ አያትና የልጅ ልጅ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሽቦው በልኳ ስለተሠራ ለማስተካከያ ብዙ አትመላለስም፤ ሊጡም ቀርቶላታል። አዲስ መሣሪያ አዋቂ እጅን አያባርርም፤ ግምቱን ይቀንስለታል እንጂ። ካሜራውን ዛሬም የሚይዙላት አያቷ ናቸው።

«ያንተስ ጥርስ፣ መምህር? ያን ቀን ሳትታከም እኮ ወጣህ» አሉኝ።

ልጅቷ ሳቀች። እጇ አያቷ እጅ ውስጥ ነበር፤ አፏን ልትከድንበት አላወጣችውም።