ዋይፋይ ያስገባልኝ ደግ ሰው

እንዴት ዋልሽ እህትዬ? ፕሪንተርሽ ዛሬም ወረቀት ቀረጠፈ? እስቲ ቁጭ ልበል... አንቺ ጸሐፊያችን ባትኖሪ ይሄ ቢሮ ምን ይውጠው ነበር! ደብዳቤው አንቺ ጋ፣ ቁልፉ አንቺ ጋ፣ የኛ የመምህራኑ ብሶትም አንቺ ጋ። ኧረ ቀስ በይ አትበይኝ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠውን ፈርተሽ ነው? እሱ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቷል፣ ምን ይሰማል? ደግሞስ ስለሱ መቼ አወራሁ? እኔ የማወራው ስለ አንድ ደግ ሰው ነው።

ዩኒቨርሲቲው ዋይፋዩን የቀየረ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ለአንድ መምህር ሁለት ዕቃ ብቻ፣ ስልክም ይሁን ኮምፒውተር፣ ሦስተኛ ከመጣ አልቀበልም ያለ ጊዜ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አዲስ ነገር ላፕቶፔ ላይ ብቅ ሲል ክዳኑን እዘጋለሁ። ያ ደግ ሰው ታዲያ ሳልጠራው ወንበሩን እየጎተተ መጣ። «ስምሽንና ፓስወርድሽን ስጪኝ፣ አንቺ ሂጂና ሻይሽን ጠጪ።» እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል? «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። እሱ ግን ጨዋ ነው፣ ምን በወጣው አጥር ይነቀንቃል... በሩን ከፍቼ ያስገባሁት እኔው!

ስመለስ «በቃ፣ አለቀ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልቆ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ምን ሆነ መሰለሽ? እሱ ቢሮ ሲኖር ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ እሱ ወጣ ሲል ይጠፋል። እኔ ሞኟ ሰውየው በረከት አለው እል ነበር! ለካ ከስልኩ ነው የሚያጋራኝ። ስልኩ በማን ስም ገብቶ ነው? በኔ። ኮምፒውተሩስ? እሱም በኔ። የራሴን ድርሻ እየቆነጠረ ሲሰጠኝ እኔ ቆሜ አመሰግነዋለሁ። የሱን የሁለት ዕቃ ድርሻማ ግቢው በር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ላላቸው ለሚስቱ ወንድሞች ሰጥቷቸው... ቸር ነዋ! ቸር ሰው ከራሱ ምን ያስቀራል?

ያቺን የትምህርት ዕድል ታውቂያታለሽ፤ ከክፍላችን አንድ ሰው ብቻ ወደ ውጭ አገር የሚሄድባትን። ማመልከቻው በሚዘጋበት ቀን ደጉ ሰው ራሱን አመመውና ከቤቱ ሳይወጣ ዋለ። ቤቱ ደግሞ እዚሁ ግቢ ውስጥ፣ የመምህራን መኖሪያ። ምልክቱ ከላፕቶፔ ድርግም! እየሮጥኩ ኔትወርክ ክፍል ብሄድ ሠራተኛው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መምህርት፣ ሁለቱም ዕቃዎችሽ ገብተዋል፤ አንዱ እንዲያውም አሁን ኳስ እያየ ነው።» እኔ! ግብና ማዕዘን የማልለየው! ራሱን ያመመው ሰው ኳስ ያያል እንዴ? እንጃ... ምናልባት መድኃኒት ይሆናል። ሠራተኛው አንዱን አጥፍቶ የኔን እስኪያስገባ ማመልከቻው ተዘጋ። የደጉ ሰው ግን ቀድሞ ደርሶ ነበር፣ ተመስገን። በማን ዋይፋይ እንደደረሰ እሱና ፈጣሪ ይወቁ።

ስቄ ነው የማወራው አይደል? ያን ቀን ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ዕድል ናት፣ እህትዬ።

«እጄ አመድ አፋሽ ነው፣ ለሰው ብሠራ አልመሰገንም» እያለ ይተክዛል አሉ። ኧረ እንዴት ተደርጎ! እኔ እኮ እስከዛሬ እያመሰገንኩት ነው፤ ይኸው አሁንም...

ዛሬ የደጉ ሰው ሽኝት አለ አይደል? ኬኩ መጥቷል? እኔም እቆማለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ ምን ቂም አለኝ? አየሽ፣ ማዳመጫውን አወለቀ። ደግ አደረገ፤ ምርቃት በማዳመጫ አይገባም።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። በሄደበት እንግዳ ነው፣ ሰው ያስፈልገዋል። እንግዲህ በዚያ በባዕድ ቢሮ፣ ገና ሳይጠራው ወንበሩን እየጎተተ የሚመጣለት፣ ሌት ተቀን ከጎኑ የማይለይ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ ደግ ሰው ፈጣሪ ይዘዝለት።