አራት እስትንፋስ ዝምታ

«ጤፉስ እንዴት ሰነበተ፣ የኔታ? እዚህ እስቴ ዝናቡ ደህና ወጣልን፤ ጋይንት ግን ጥቅምት ተጋምሶም አለቅም ብሏል አሉ። መቼም የአጨዳ ዝናብና የሚቸኩል ደንበኛ አንድ ናቸው... ሁለቱም የሚመጡት ያለ ቀናቸው ነው። ካባዎን አሁን እደርስበታለሁ። እስቲ መንገደኛውን ልሸኝ።»

ምስራቅ ይህን ስትል ዓይኗን ከመርፌዋ አላነሳችም። መካነ ኢየሱስ ከተማ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ጠባብ የልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ራሷ ናት። ሁለተኛው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም፣ የዜማውን መጽሐፍ ድጓን አስመስክረው እዚህ እስቴ ዜማ የሚያስተምሩት መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ናቸው፤ የተቀደደ ካባቸውን ይዘው መጥተዋል። ሦስተኛው በሩ ሥር አግዳሚው ላይ የተቀመጠው መምህር ልመንህ ነው። ምስራቅ ጭን ላይ ያለው አዲስ ኮት የእሱ ነው፤ አራት ቁልፍ ይቀረዋል። ነገ ማለዳ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ በየሳምንቱ ስለ ፊልም ሙዚቃ እንዲናገር ወስዶታል። ያለ ኮቱ ደግሞ ወዴትም አይነቃነቅም። ይህን ምስራቅ አሳምራ ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስራቅ የፊልም ሙዚቃ ወዳጅ ናት። ለፊልሙ ግድ የላትም፤ የምትወደው ከፊልሙ ጀርባ መቶ ሰው ተሰብስቦ የሚነፋውን፣ የሚመታውንና የሚገዘግዘውን ኦርኬስትራ ነው። ስልኳን ስፌት መኪናው ላይ አስደግፋ አንዱን ፊልም ከሌላው ስታወዳድር ትውላለች። መሪጌታ ካስረዷት የዜማ ስልት ተውሳ፣ ይኼኛው ግእዝ ነው፣ ያኛው አራራይ ነው እያለች በደብተር ታሰፍራለች። እንዲህ ስድስት ዓመት ጻፈች። ልመንህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ጎራ ይልና ታነብለታለች፤ ይከራከራሉ፤ ይስቃሉ። በዚህ ከተማ ቋንቋዋ የሚገባው ሌላ ሰው አልነበራትም። ሰኔ ላይ «ለተማሪዎቼ ላሳያቸው» ብሎ ደብተሩን ወሰደ። መስከረም ላይ በሬዲዮ እንግዳ ሆኖ ቀረበና ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር እንደ ገዛ ሐሳቡ ዘረገፈው። ስሟን አንዴም አላነሳም። ሥራውን ያገኘውም በዚያ ንግግር ነው።

ምስራቅ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመሪጌታ ፊት «ከእሷ ነው» እንዲል። ኮቱን እሰፋለሁ ብላ የተቀበለችው፣ መሪጌታንም በዚሁ ሰዓት ይምጡ ያለቻቸው ለዚህች ቃል ነው። ለአራት ቁልፍ አራት ዕድል ሰጥታዋለች ማለት ነው፤ ከዚህ በላይ ደግነት ከየት ይምጣ።

የመጀመሪያውን ቁልፍ ክር በጥርሷ በጠሰች።

«እንዲያው አንድ ሰው አለ፣ የኔታ... ስሙ ምን ያደርግልዎታል። ጆሮ የሰጠው ሰው ነው። ሌላው ስድስት ዓመት አድምጦ የሚደርስበትን እሱ በአንድ ክረምት ደረሰበት። አገሩ ሁሉ አረም ላይ ጎንበስ ብሎ ሳለ እሱ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ አስገብቶ ነበር። ይህ ጸጋ አይደለም ይላሉ? የእኔ ቢጤዋ ዜማውን መቶ ጊዜ ካልሰማች አይገባት... አይ፣ አፈጣጠር ይለያያል።»

ሁለተኛውን ቁልፍ እየተከለች፣ ይኸው ሰው በሬዲዮ ሁለት ፊልም እንዴት እንዳወዳደረ ለመሪጌታ ተረከችላቸው። የመርከበኞቹ ፊልም ሙዚቃ ግእዝ ነው፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የፈረሰኞቹ ግን አራራይ ነው፣ አንጀት ይበላል አለ። ዜማ ቤት ደጃፍ እንኳ ያልረገጠ ሰው ግእዝና አራራይን ከየት አመጣው ብላ እንደተደነቀች ነገረቻቸው። ይገለጥለት ይሆናል፤ ለቅዱሳን ይገለጥ የለም ወይ?

ልመንህ ጉሮሮውን ጠረገ። የምስራቅ ልብ ዘለለ፤ መርፌዋን ይዛ ቆየች። አሁን ይላል ብላ ነበር። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየና መልሶ ከተተው። ይህን ጊዜ የተናደደችው በእሱ ሳይሆን ልቧን ባዘለለችው በራሷ ነው።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ይሉ ነበር አባቶች። አባቶች ምን ያድርጉ፣ በጊዜያቸው ሬዲዮ የለ። ይኸውና እንዴት አድርጎ እንዳደመቀ በጆሯችን ሰማን... ኧረ ድምፁም ያምርበታል።»

ሦስተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ እጇ ዘገየ። የሚቀጥለውን ለመናገር የራሷን ገመና መግለጥ ነበረባት። በመርከበኞቹ ፊልም፣ ሽማግሌው ካፒቴን ሲቀበር፣ ድምፀ ወፍራሙ ትልቁ ቫዮሊን ብቻውን ይገባና ድንገት ሁሉም ዝም ይላል። አራት እስትንፋስ ያህል ምንም የለም። ከዚያ ከበሮው ይመጣል። ምስራቅ ያንን ዝምታ ከሙዚቃው ሁሉ አብልጣ ትወደው ነበር። አባቷ የሞቱ ሰሞን ደጋግማ የሰማችው እሱን ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ጽፋለታለች፤ አቀናባሪው አልቃሹ እስትንፋሱን እንዲሰበስብ ጊዜ ሰጠው ብላ። ልመንህ ይህንንም በሬዲዮ ቃል በቃል ተናገረው፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ በገዛ ስፒከሬ ስሰማ የደረስኩበት ነው ብሎ ጨመረበት። ቀጥሎ አዘጋጁ ሙዚቃውን ለቀቀው። ምስራቅ እግሯን ከፔዳሉ አንስታ ዝምታውን ጠበቀች። ዝምታው አልመጣም። ቫዮሊኑ ከበሮው ውስጥ ገብቶ ሳይቆም አለፈ። ለካ ስድስት ዓመት ስታለቅስበት የኖረችው የስልኳ ሚሞሪ ካርድ ተሰንጥቆ እዚያ ቦታ ላይ ድምፁን እየዋጠባት ነው። መጀመሪያ አፈረች። ማታውን ስታስበው አደረችና ሲነጋ በእጇ ምን እንደገባ ተረዳች።

ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ሳታስቀር ነገረቻቸው። ደንቆሮነቷንም አልሸሸገችም።

«እርስዎ አንድ ቀን ያጫወቱኝ ትዝ ይልዎታል? ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በእጁ ጽፎ ሲያቀርብ መምህሩ አገላብጠው ያዩለታል። በትክክል የጻፈው ቦታ ከማን እንደገለበጠ አይናገርም፤ ትክክሉ የሁሉም ነው። የሳተው ምልክት ግን ‘እኔ የእገሌ ቅጂ ነኝ’ ይላል... አላሉኝም? እኔ ልብስ ሰፊዋ ምኑን አውቄ። ብቻ ያ ሰው ስፒከሩ አዲስ ነው፣ ሚሞሪውም ደህና ነው። ታዲያ ያን ዝምታ በየት በኩል ሰማው? የእኔ ስንጥቅ እሱ ቤት ድረስ ዝም ይላል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሲሉ እስቅ ነበር... እሱ ግን ለቅሞ፣ ከምሮ አሳየን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ፣ የኔታ? የእኔው ጆሮ ለእኔ ባዳ፣ ለሰው ዘመድ ሆኖ አረፈው።»

መሪጌታ መቋሚያቸውን ከግድግዳው አነሱና ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው ልመንህን አዩት። ምስራቅ አራተኛውን ቁልፍ ይዛ በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ እስትንፋስ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ልመንህ ጫማውን ያያል። ጆሮው ቀልቷል፤ አፉ ግን አልተከፈተም። በቃ፣ አበቃ አለች በሆዷ። ቁልፉን ሰፋች፤ አሰረች፤ በጠሰች። ዓይኗ እንባ አቀረረና በክንዷ ጠረገችው፤ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ፈገግታ ነበር።

ኮቱን አራግፋ እንደ ሙሽራ ልብስ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ልመንህ ተነስቶ ጀርባውን ሰጣትና እጁን አስገባ። እሷ ከኋላው ቆማ ትከሻውን እያቃናች፣ ንግግሯን ግን እንደ በፊቱ ለመሪጌታ አደረገች።

«ገበሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ኪስ ጨምሬበታለሁ፣ የኔታ። ያቺን የተሰነጠቀች ሚሞሪዬን እዚያ ከትቻታለሁ። የሚሄድበት አገር ጫጫታ ነው አሉ... ዝምታው ቢጠፋበት እንዳይቸገር።»

ልመንህ እጁን ወደ ገበሩ ሰደደና መንገድ ላይ ተወው። ምስራቅ ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ከትከሻው ላይ ቁራጭ ክር ለቀመችለት።

«አብረው ይመርቁልኝ እንግዲህ። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። በሄደበት ሞገስ ይስጠው። ከሁሉ ከሁሉ ድምፁን አይዝጋብኝ፣ የኔታ... እሱ ዝም ያለ ቀን እኔን ማን ያሰማኛል?»