የተዘቀዘቁት ካርዶች

የመመረቂያ ፕሮጀክቷን አቅርባ ከክፍሏ ከፍተኛውን ውጤት ባገኘች ማግስት፣ የኢንፎርሜሽን ሲስተም ተማሪዋ ደስ ሊላት ሲገባ ውስጧ እየተቁነጠነጠ አላስቀምጥ አላት። ለጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል የሠራችው ፕሮግራም አምስት ሺህ ካርድ ይዞ የማንንም ቁጥር በቅጽበት ያወጣል። ፈታኞቹ አጨብጭበውላታል። አንደኛው ብቻ «የካርድ ክፍሉ ሠራተኛስ ምን አሉ?» ሲላት፣ «በጣም ተደስተዋል» ብላ መለሰች። ካርዶቹን ከጓደኞቿ ጋር የመዘገበችው ቅዳሜና እሑድ፣ ሰውየው በሌሉበት ነው፤ ተደሰቱ አልተደሰቱ አንድም ቀን ጠይቃቸው አታውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእሷ አንድ ሌሊት በቃት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ማን ቢገጥማት ጥሩ ነው? ራሳቸው ሰውየው። ሠላሳ ዓመት ካርድ ሲያወጡና ሲመልሱ ስላረጁ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ካርዱ» ይላቸዋል።

«እንደምን አደሩ ጋሼ?»

«ይመስገነው። አለፍሽ አሉ፤ እንኳን ደስ ያለሽ» አሉ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ።

«ምነው፣ ያስቀየምኩዎት ነገር አለ?»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ተዘቅዝቀው የተቀመጡትን ካርዶች ማን አቃናቸው?»

«እኛ ነን። በችኮላ የገቡ መስሎን አስተካከልናቸው።»

«ልጄ፣ መድኃኒት የማይስማማውን ሰው ካርድ ዘቅዝቄ የማስቀምጠው እኔ ነኝ። ስስበው ተዘቅዝቆ ከወጣ፣ መርፌ ከመወጋቱ በፊት ለሐኪሙ እነግራለሁ። አርባ ሦስት ነበሩ። አሁን ሁሉም እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል።»

«ካርዱ ውስጥ አልተጻፈም?»

«የተጻፈበትም ያልተጻፈበትም አለ። የተጻፈውንስ ቢሆን፣ የሐኪም ጽሑፍ ማን ያነበዋል?»

ልጅቷን የትናንቱ ጭብጨባ አሁን ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ አስጠላት። ደግሞም የተማረ ሰው ክፉ ልማዱ ይኸው ነው፤ ያልገባውን ነገር ከመጠየቅ ማስተካከል ይቀለዋል። ይሁን እንጂ ማልቀስ አርባ ሦስቱን ሰዎች አይጠብቅምና ንግግሯን ቀጠለች።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። ግን ይህን ምልክት ከእርስዎ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«ማን ይወቀው? ክፍሉን የያዝኩት እኔ።»

«አምና ታመው ሁለት ሳምንት ሲቀሩ፣ ተተኪዋ ተዘቅዝቆ ያገኘችውን ካርድ ምን ታደርገው ነበር?»

«እንደ እናንተው ታቃናው ነበራ። ስመለስ እንደገና ዘቀዘቅኋቸው። ሁሉም እዚህ ነው ያለው» ብለው ግንባራቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «የአንቺ ኮምፒውተር መብራት ሲሄድ ይጠፋል። ይኼ አይጠፋም።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንሂድና ይንገሩኝ።»

ካርድ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበር፣ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ። ኮምፒውተሩ ላስቲክ እንደለበሰ ነው፤ ልጅቷ ገፈፈችውና ፕሮግራሙን ከፈተች። ጋሽ ካርዱ ቆመው ይናገራሉ፣ እሷ ፕሮግራሙ ውስጥ እያንዳንዱ ስም ላይ ቀይ ምልክት ታኖራለች፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ጡረታ የወጡት አስተማሪ፣ መንትዮቹ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት። አርባ ሁለት ደረሱ። አርባ ሦስተኛው አልመጣም።

መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ጋሽ ካርዱ ተቀመጡ፣ ተነሡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ። ያንን አርባ ሦስተኛ ሰው አሁን በጎን ባለው ክፍል መርፌ እየወጉት ቢሆንስ? ሁለቱም ይህን አሰቡ። በመጨረሻ ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ለካ መብራት እያለም ይጠፋል» አሉ።

ልጅቷ ልትረታቸው አልፈለገችም፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ የእርስዎ እውቀት ባይኖር ፕሮግራሜ ባዶ ነው። እውቀቱ ግን ከእርስዎ ጋር ብቻ አይኑር። መስኮቱ ላይ የሚመጣ ሁሉ የማይስማማው መድኃኒት እንዳለ ይጠየቅ፤ መልሱ ሳይጻፍ ፕሮግራሙ ወደፊት አይለፍ። መብራት ሲሄድ እንዲታይ ካርዱም ፊት ላይ በቀይ እስክሪቢቶ ይጻፍ። ያኔ እርስዎ ቢታመሙም፣ አዲስ ሠራተኛ ቢመጣም፣ ሰው አይጎዳም። እርስዎም የሰው ነፍስ በሐሳብ ተሸክመው ከማደር ይገላገላሉ።»

«ማንም ሳይቀር ይጠየቅ ነው የምትዪው?»

«ማንም ሳይቀር። በእርስዎ ልሞክረው፤ ካርድ አለዎት?»

«አለኝ እንጂ። ክፍሉ ሲከፈት ቁጥር አንድን ለራሴ ነው ያወጣሁት።»

«የማይስማማዎ መድኃኒት አለ?»

«ፔኒሲሊን። የዛሬ ሃያ ዓመት ለጥቂት ነው የተረፍኩት» አሉ። ተነሥተው ከመጀመሪያው መደርደሪያ የመጀመሪያውን ካርድ ሳቡ። ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አርባ ሦስት» አሉ በቀስታ። ከዚያም ቀዩን እስክሪቢቶ አንሥተው የገዛ ካርዳቸው ላይ በትልቁ ጻፉ። የኮምፒውተሩን ላስቲክም አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ልጅቷ ቦርሳዋን አነሣች። «ፈታኙ ዘንድ መሄድ አለብኝ። እርስዎን ሳልጠይቅ 'ተደስተዋል' ብዬ ዋሽቻለሁ። ውጤቴን ቢቀንሱትም ይቀንሱት።»

«የካርድ ክፍሉ ሠራተኛስ ምን አለ ብሎ እንደገና ቢጠይቅሽ?»

«ምን ልበለው?»

ጋሽ ካርዱ መስኮቱን ከፈቱ፤ ውጭ ሰልፍ ይዘው የሚጠብቁ ነበሩ።

«'ዛሬ ጠየቀችኝ' አለ በይው።»