አይዞሽ ያሉኝ ሽማግሌ

ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ሦስት ሽማግሌዎች ከዳባት ደባርቅ መጡ። የግቢዬን ትልቁን ቤት ቢያንኳኩ ተከራዬ ነርሷ ወጣችና እኔ ወደምኖርባት የጓሮ ጭቃ ክፍል ይዛቸው መጣች። ሦስቱ ሲገቡ ክፍሏ ጢም አለች። ትልቁ ሽማግሌ ዙሪያውን ቃኙና በሐዘኔታ፣ «አይዞሽ የኔ እመቤት፤ ልጃችን የራሱን ቤት ሠርቷል። ልጅሽ እንዳንቺ በኪራይ አትንገላታም» አሉኝ።

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ አባቴ! እኔ ያለሁበትም፣ መምህራኑ የተከራዩትም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ያሉት ቤቶችም የእሳቸው ናቸው!»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ታዲያ ምነው በዚህች ክፍል?»

እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ቀና አልኩ። «ባሌ ሲሞት የተወልኝ ይህችን ክፍልና ጥቂት በጎች ነው። በጎቹን ሸጬ ከጎኗ አንድ ቤት ሠራሁና አከራየሁ፤ በኪራዩ ሌላ ሠራሁ፤ እሱንም አከራየሁ። አዲስ ቤት በሠራሁ ቁጥር እኔ ብገባበት ኖሮ፣ ዛሬም ያለኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ግን ገና አልጨረስኩም ነበር።

«ልጄን ሰጥቻችኋለሁ» አልኳቸው፤ «የልጃችሁን ቤት ግን ሙሽሮቹ ያከራዩት። ልጄ በትንሽ ክፍል መኖር ታውቅበታለች።»