ሳፋ የጠበበው ዓሳ

ቀዩ ዓሳዬ ሲሰጡኝ ጣት አያክልም ነበር። አድጎ አድጎ ክንዴን ሲያህል መስታወት ቤቱ ጠበበው። የቡታጅራው መስታወት ቆራጭ ሰፊ እስኪሠራልኝ ጓዳ ውስጥ ውሃ በሞላ ሳፋ አስቀመጥኩት። ታዲያ አዲሱን ላመጣ በወጣሁበት፣ ምሳ የጠራናቸው አማቴ ከቡኢ ቀድመውኝ ደርሰው፣ ቁልፍ ከጎረቤት ተቀብለው ገብተዋል። እኛ ጴንጤ ነን፤ እሳቸው ጾመኛ፤ በጾም ግን ዓሳ ይበላሉ። የጾም እንግዳ፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ ያን የሚያህል ዓሳ! መስታወቱን ተሸክሜ ስገባ የጥብስ ሽታ ተቀበለኝ።

"እማማ... ዓሳው?"

"ለእኔ የገዛችሁት መስሎኝ ቢላዋ ይዤ ቀርቤ ነበር" አሉ። "ሳፋው ውስጥ ተጣጥፎ ሽቅብ ሲያየኝ ግን አንጀቴን በላው። የውሃ በርሜሉ ውስጥ ጨመርኩት። የጠበስኩት ድንች ነው።"

እፎይ ብዬ እዚያው ቁጭ አልኩ። ዓሳውን አዲሱ ቤት ሳስገባው እሳቸው አጠገቡ ቆመው ጠበቁ። ጭራው መስታወቱን ሳይነካ ሙሉ ዞሮ ሲመለስ፣ "ቤት ማለት ይሄ ነው" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተ ግን የሚበላ ሳትገዛ ነው እንግዳ የጠራኸው?"